የእንግሊዝኛ ፈሊጥና የፈተና ዝግጅት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆቻችን የእንግሊዝኛን ፈሊጥ ቃል በቃል ሲተረጉሙ ይሰናከላሉ። በእኛ ዘንድ «እጁን ሰጠ» ማለት ተማረከ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ጊቭ ኤ ሃንድ» መርዳት ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ «ተማረከ» ቢል፣ ተማሪው ወደ እርሱ ቢሳብ አያስደንቅም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ረገድ ብዙ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ከፈሊጦቹ ብዙዎቹ የተገኙት ከቅዱሳት መጻሕፍት ነውና። የንጉሥ ብልጣሶርን ግብዣ (ዳን. 5) የሚያውቅ ልጅ «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» የሚመጣ ጥፋት ምልክት መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። «ጎ ዘ ኤክስትራ ማይል» (ማቴ. 5፥41) ከተጠየቀው በላይ መድከም ነው። ጲላጦስን ያስታወሰም እጅን መታጠብ ከኃላፊነት መሸሽ መሆኑን ያውቃል። «ባይ ዘ ስኪን ኦፍ ዋንስ ቲዝ» ግን ማብራሪያ ይሻል፤ ጥርስ ቆዳ የለውምና! ከኢዮብ (19፥20) የመጣ ሲሆን ለጥቂት መትረፍን ያመለክታል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ያልመጡት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ፑል ሰምዋንስ ሌግ» ሰውን በቀልድ ማታለል ነው፤ እግሩን እየጎተተ ከሚሄደው ሰው ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።