የስላቅ ሥዕልና ኃላፊነቱ

ካርቱን ወይም የስላቅ ሥዕል ማለት የሰውን ጉድለት አጋንኖ በማሳየት እያሳቀ የሚገሥጽ ሥዕል ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ስለሚረዳው ኃይሉ ብርቱ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ማንም ሰው ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሥነ ጥበብ የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ነገር ግን ሰብአዊ ክብርን ለመንካት ታስቦ በአደባባይ የሚነገረው በሕግ እንደሚከለከል ያው አንቀጽ ይናገራል።

የዚህን ምክንያት ከሩዋንዳ እንማራለን። በ1982 ዓ.ም. የተመሠረተው «ካንጉራ» የተባለ ጋዜጣ ቱትሲዎችን በጽሑፍና በሥዕል እያንቋሸሸ ጥላቻን ዘራ። በ1986 ዓ.ም. የዘር ፍጅት ደረሰ፤ አዘጋጁም በ1996 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈረደበት።

እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከቆላ ወደ ደጎሎ ለትምህርት የመጣ ጓደኛችንን በአለባበሱ እያፌዝሁ ሣልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እርሱ ግን ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። ተከራይቶ ከሚኖርበት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ኋላ ደግሞ ክፍል ሲጠረግ ዘወትር የሚሸሸውን ልጅ ሣልሁ፤ እርሱም ከእኛ ጋር ስቆ በማግስቱ መጥረጊያ ያዘ።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሰው ሥራውን ሊያርም ይችላል፤ የተወለደበትን አገር ግን ሊያርም አይችልም።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ እርሳሳችሁን አትጣሉ። ነገር ግን ከመሣላችሁ በፊት «የምስቀው በሥራው ነው ወይስ በትውልዱ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።