የትምህርት ቤት ባልንጀራን ስለ መፈለግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዛሬ ጥናታችን የመረጥነው ርእስ አብረውን ፊደል የቈጠሩትን፣ በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርናቸውን ባልንጀሮቻችንን ከብዙ ዓመታት መለያየት በኋላ ስለ መፈለግ ነው። አንዳንዶቻችን «ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ስልክ መደወል ብቻ አይደለምን?» እንል ይሆናል። መደወሉስ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ከመደወሉ በፊትና ከመደወሉ በኋላ ያለው ነው።

ይፋግ የመንገድ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን በገበያዋ የታወቀች ስለ ነበረች ከሩቅም ከቅርብም የመጣ ነጋዴ ይገናኝባት ነበር። ዛሬም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ከወረታ ቀጥሎ ርብን ተሻግሮ በእኛ በኩል ወደ አዲስ ዘመን ያልፋል። የመንገድ ከተማ ልጅ መኪና እያየ ያድጋልና ቶሎ ይሄዳል። ነገር ግን የሚሄደው ሁልጊዜ በራሱ ፈቃድ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ከየትምህርት ቤቱ ወደ ገጠር ተሰማራ። ወዲያው የተከተለው ቀይ ሽብር ደግሞ ከዚያ ትውልድ ብዙውን ገደለ፣ አሰረ፣ አሰደደ። በዚያን ዘመን የተማሩ አባቶችና እናቶች የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም ሲቈጥሩ መካከል ላይ ዝም የሚሉት ስለዚህ ነው። በእኛም ዕድሜ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪው ተበትኗል። ስለዚህ ርእሱ የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ሳይሆን የእኛው ጉዳይ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉት ወንድሞቻችን ነገሩን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የቆሎ ተማሪ አንድ ቦታ አይረጋም። ለቅኔ ጎጃም ወርዶ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይገባል፤ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይወጣል፤ ለአቋቋም ጎንደር ይሄዳል። በአንድ ጎጆ ያደሩ፣ የለመኑትን ቁራሽ የተካፈሉ፣ ከአንድ ውሻ አብረው የሮጡ ልጆች በክረምት መጨረሻ ይለያያሉ። ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚጠራው በክርስትና ስሙና በመጣበት አገር ነውና፣ ከዓመታት በኋላ ባልንጀራው ሊፈልገው ሲነሣ የዓለም ስሙን አያውቀውም። ሰውን ወንድም አድርጎ ስሙን አለማወቅ ይህ ነው።

ከአበው መካከል በዚህ ነገር በይበልጥ የሚያስተምሩን ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ናቸው። ሁለቱም የቀጰዶቅያ ሰዎች ሲሆኑ በአራተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለትምህርት አቴና ሄደው በአንድነት ኖሩ። (በዚያው ከተማ በ355 እ.ኤ.አ. ኋላ ነግሦ ክርስትናን የካደው ዮልያኖስም ተማሪ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ስንት ዓይነት ሰው ያወጣል!) አብረው ወደ አገራቸው ለመመለስ ተስማምተው ነበር። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ግን ጓደኞቻቸውና መምህራኑ ከበው አትሂዱ ስላሏቸው ጎርጎርዮስ ቀረ፤ ባስልዮስ ብቻውን ሄደ። ቆይተው በጰንጦስ በባስልዮስ በአት ተገናኙ። ጎርጎርዮስም ከዚያ ከተመለሰ በኋላ ጥርስ የሚያንሸራትተውን ደረቅ ዳቦ እያነሣ በደብዳቤ ቀልዶበታል። ቅዱሳን አይቀልዱም የሚል ካለ ይህን ይወቅ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከበደ። ባስልዮስ በ370 እ.ኤ.አ. የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በ372 የቀጰዶቅያ ግዛት ለሁለት ሲከፈል አዳዲስ ጳጳሳትን ሾመ፤ የትምህርት ቤት ባልንጀራውንም ሳሲማ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ሾመው። ጎርጎርዮስ ሳሲማን ሲገልጻት ውኃ የሌላት፣ አቧራና የሠረገላ ጩኸት የሞላባት፣ ከነዋሪ ይልቅ መንገደኛ የሚበዛባት መስቀለኛ መንገድ ያደርጋታል። (የእኛይቱ የመንገድ ከተማ እንኳ ርብ በአጠገቧ አለላት።) እጅግ አዘነ፤ ባልንጀራውን በብርቱ ወቀሰው፤ ሳሲማም ሄዶ አልተቀመጠም። ባስልዮስ በ379 ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ታምሞ ስለ ነበር ለቀብሩ አልደረሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ እርሱ ረጅም የውዳሴ ንግግር አደረገ። በዚህ ንግግር አቴናን በፍቅር ያነሣል። የሳሲማንም ነገር አልሸሸገም፤ ከባልንጀራው ሥራ ሁሉ ያን አንዱን ማመስገን እንዳልቻለ በግልጽ ተናግሯል።

እኛ ከዚህ የምንረዳው የተጐዳ ሰው ባልንጀራውን ለመፈለግ ጉዳቱን መካድ እንደማያስፈልገው ነው። እውነቱን እየተናገሩም ይፈላለጋሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም በአንጾኪያ ማርቆስን አልወስድም ብሎ ከበርናባስ እስከ መለያየት ደርሶ ሳለ (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15)፣ በኋላ ታስሮ ሲጽፍ ያንኑ ማርቆስን አምጡልኝ ብሏል (2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4)። በጎርጎርዮስ ንግግር የሚያሳዝነን ግን አለ፤ ያ ሁሉ የፍቅር ቃል ሲነገር ባስልዮስ በሥጋ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በአንድ ክፍል ከተማሩት አንዱ ሐኪም ሆኖ በውጭ አገር ይኖራል፤ አንዱ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ያመርታል፤ አንዲቱ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳለች። እነዚህ በንግሥ ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲተያዩ ቀድሞ የሚሸሸው ማን ነው? ዐይነ አፋርነቱ ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ «ምን ደረስህ?» የሚለውን ጥያቄ ፈርቶ ነው። ይህች ጥያቄ በእኛ ዘንድ እንደ ሰላምታ ትቈጠራለች፤ ላልቀናው ሰው ግን ፍርድ ናት። በእርሷ ፈንታ እናቱን፣ ወንድሞቹን፣ ጤንነቱን እንጠይቅ። ቀንቶን ከሆነ ያገኘነውን አንዘርዝር፤ ቸግሮን ከሆነም በመጀመሪያው ቀን ብድር አንጠይቅ። እምነቱን የለወጠ ባልንጀራ ብናገኝ ቡናው ሳይፈላ ክርክር አንጀምር። ዛሬ በቴሌግራም የክፍሉን ሰው ሁሉ መሰብሰብ ይቻላል፤ መልካም ነው። ሆኖም በዚያ የሚጽፉት የቀናቸው ናቸው፤ ዝም ያለውን ግን በእግር ሄዶ መፈለግ ያሻል።

ለሚቀጥለው ሰንበት እያንዳንዳችን አብረውን የተማሩትን ስም በወረቀት ጽፈን እንምጣ። የት እንዳለ የሚታወቀውን፣ የማይታወቀውን፣ ያረፈውን እንለይ። ያረፉትን ካህናት በጸሎት እንዲያስቡልን እንሰጣለን፤ ለዚህ ደግሞ የክርስትና ስማቸው ያስፈልጋል። በክፍል መዝገብ አይገኝም። የሚያውቁት እናቶቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሰንበት ሳይደርስ ከእነርሱ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይኖርብናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።