የቡሎንና የቀዳዳ ልክ በቃጫ ኮምፖዚት መጋጠሚያዎች

የመጥረቢያ ዛቢያ ከላላ ምላጩ ይወዛወዛል፤ ሽብልቅ ከልክ በላይ ከገባበት ደግሞ እንጨቱ በቃጫው አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ይህን የገጠር አናጢ ሁሉ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ ቀዳሚ በመሆን እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787 ከመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። ክፍሎቹን ስለሚያያይዙት ቡሎኖች የሚነሣው ጥያቄም በመሠረቱ ያው ነው፤ ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ምን ያህል ይላላ፣ ምን ያህልስ ይጥበቅ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ቀዳዳውን ራሱን እንመልከት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 እንዳሳየው፣ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው ሰፊ ሰሌዳ ሲሳብ፣ በክብ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ከቀዳዳው ርቆ ካለው ውጥረት 3 እጥፍ ይሆናል። ቃጫዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በተዘረጉበትና በዚያው አቅጣጫ በሚሳብ የካርቦን ኮምፖዚት ግን እጥፉ ወደ 7 ሊጠጋ ይችላል። ብረት ውጥረት ሲበረታበት በመጠኑ ይለመጥና ሸክሙን ለአካባቢው ያካፍላል። የካርቦን ቃጫ ግን አይለመጥም፤ ይሰበራል። በመሆኑም ኮምፖዚት የልክ ስሕተትን እንደ ብረት አይታገሥም።

አሁን 6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፒን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሰሌዳ ቀዳዳ ገብቶ በ6 ኪሎ ኒውተን ይግፋ እንበል። ጭነቱን ለዲያሜትሩና ለውፍረቱ ብዜት ብናካፍል አማካዩ ግፊት 250 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ፒኑ ከቀዳዳው ጋር ልክ ለልክ ከሆነ የቀዳዳውን ዙሪያ ግማሽ ያህል ይነካል፤ ግፊቱ ከመካከል ወደ ዳር በኮሳይን ሕግ እንደሚቀንስ ብንወስድ ከፍተኛው ዋጋ 318 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ፒኑ ላልቶ የሚነካው ቅስት ከ180 ወደ 120 ዲግሪ ቢጠብ፣ በተመሳሳይ ስሌት ከፍተኛው ግፊት 417 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ጭነቱ ሳይለወጥ ግፊቱ በ31 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። በተጨማሪም ፒኑ ልል ሲሆን የሚነካው ቅስት ከጭነቱ ጋር እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ከፍተኛው ግፊት እጥፍ አይሆንም። በአነስተኛ ጭነት የተገኘን ውጤት በቀጥታ አባዝቶ ለከፍተኛ ጭነት መጠቀም የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቡሎኑን ከቀዳዳው በጥቂቱ አወፍሮ ማስገባትስ? ንክኪው ስለማይቋረጥ፣ በተመላላሽ ጭነት ጊዜ በቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው የውጥረት መዋዠቅ ይቀንሳል፤ ይህም የመጋጠሚያውን ዕድሜ ሊያራዝም ይችላል። ሆኖም ጥብቀቱ ልክ ሲያልፍ፣ ቡሎኑ ሲገባ ንብርብሮቹን እየፋቀ ያላቅቃቸዋል፤ የዛቢያው መሰንጠቅ እዚህም ይደገማል። ለዚህም ነው በአንዳንድ የአውሮፕላን መጋጠሚያዎች ቀዳዳው አስቀድሞ ስስ የብረት ቱቦ የሚገባለት። ቡሎኑ ሲገባ ቱቦው ሰፍቶ ቀዳዳውን ይሞላል፤ ቃጫው ግን አይፋቅም።

በአንድ መስመር ብዙ ቡሎኖች ሲኖሩ፣ የላላው ቡሎን የቀዳዳውን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ሌሎቹ የእርሱን ድርሻ ይሸከማሉ። የጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት የትኛው ቀዳዳ ቀድሞ እንደሚጎዳ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የመጋጠሚያን ጥንካሬ ከማስላታቸው በፊት፣ ከጭነቱና ከውፍረቱ ጎን የቡሎኑንና የቀዳዳውን የዲያሜትር ልዩነት እንዲጽፉ እንመክራለን። የዲዛይን ወረቀቱ ይህን ልዩነት ካልያዘ፣ ቀዳዳውን የሚሰረስረው ባለሙያ ሳያውቀው የመዋቅሩን ጥንካሬ ይወስናል ማለት ነው።