ለእንጨት የቀዘፋ ጀልባ ንድፍ አመራረጥ

የቀዘፋ ውድድር ያየ ሰው ልቡ የሚሄደው እንደ መርፌ ወደቀጠነችው ጀልባ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የአንድ ሰው የውድድር ጀልባ ክብደት ከ14 ኪሎ ማነስ የለበትም፤ ርዝመቷ 8 ሜትር ገደማ ሲሆን ውኃው ላይ ያላት ስፋት ግን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀዛፊው መቅዘፊያዎቹን ከለቀቀ ትገለበጣለች። የመጀመሪያ ጀልባውን ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህችን አልመክርም። ያን ሁሉ የለፉባት ጀልባ ተፈርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ብትቀር ያሳዝናል።

ስለዚህ ንድፍ ከማገላበጥዎ በፊት ውኃውን ይዩ። ለመቅዘፍ ባሰቡበት ሰዓት ሄደው ነፋሱን፣ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣውን ማዕበልና የሚወርዱበትን ዳርቻ ይመልከቱ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል ግሪን ሌክ ትንሽና የነዳጅ ሞተር የማይገባበት ሐይቅ ነው፤ ሌክ ዋሽንግተን ግን ረጅምና ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ከተማው አንድ ቢሆንም ሁለቱ ሐይቆች የሚፈልጉት ጀልባ ለየቅል ነው።

ቀጥሎ ስፋቱን ያጣሩ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። የሻጮች መግለጫ ብዙውን ጊዜ የሚነግርዎ የላይኛውን ስፋት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ሰው ተቀምጦባት ውኃው ጎኗን የሚነካበትን ስፋት ነው። እሱ ካልተጻፈ ነዳፊውን ይጠይቁ። ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለሠለጠነ ቀዛፊ ይተዉት፤ ከ50 እስከ 60 የሆነው ለጀማሪ ይስማማል። ማዕበል ላለበት ውኃ ደግሞ ከሥር ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የሚሰፋ ጎን ይሻላል፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ሰፊው ጎን ውኃ ላይ አርፎ ይደግፋታል። ሜሪላንድ ውስጥ አናፖሊስ የሚገኘው ቼሳፒክ ላይት ክራፍት የሚሸጠው «አናፖሊስ ዌሪ» የተሰኘ ንድፍ እንዲህ ያለ ነው፤ ርዝመቱ 5.4 ሜትር፣ የላይኛው ስፋቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ርዝመት ፍጥነት ይሰጣል፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጀልባ የራሷ ማዕበል የሚይዛትን ፍጥነት በግምት ለማወቅ የውኃ መስመሯን ርዝመት በሜትር ወስደው ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ያባዙ፦ 4 ሜትር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር፣ 6.25 ሜትር ደግሞ 11 ገደማ ይሰጣል። ረጅም ጀልባ ውኃ የሚነካው ገላዋ ስለሚበዛ ሰበቃው ይጨምራል። ተረጋግቶ ለሚቀዝፍ ሰው ከ5.5 እስከ 6.5 ሜትር ያለው ይበቃል። የጋራዡንም ርዝመት ይለኩ።

ከዚያ ክብደትዎን፣ የጀልባዋን፣ የመቅዘፊያውንና የወንበሩን ደምረው ንድፉ ከተሠራለት ጭነት ጋር ያስተያዩ። ጭነቱ ከበዛ ጀልባዋ ከታሰበው በላይ ትሰምጣለች፤ በጣም ካነሰ ከፍ ብላ ትንሳፈፍና ነፋስ ይጫወትባታል። ሻጩ የጻፈውን የጀልባ ክብደት ራስዎ ያረጋግጡ፦ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ4 ሚሊ ሜትር የኦኩሜ እንጨት ኮምፔንሳቶ 5.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ፕላኑ ስንት ሉህ እንደሚጠይቅ ቆጥረው ቁርጥራጩን ይቀንሱ፤ ኢፖክሲውንና ፋይበርግላሱን ይጨምሩ።

የአሠራሩ ዘዴም የምርጫው አካል ነው። ጆርጅ ፖኮክ ሲያትል ውስጥ በቀጭን ቀይ ሴዳር የሠራት ባለ ስምንት ቀዛፊ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች፤ ያ ጥበብ ግን የዕድሜ ልክ ሙያ ነው። ጠባብ የሴዳር ዘንጎችን በቅርጽ ማውጫ ላይ ጎን ለጎን እያጣበቁ መሥራት ክብ ገላ ይሰጣል፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የምመርጠው ስፌትና ሙጫውን ነው፦ የተቆረጠው ኮምፔንሳቶ ጠርዝ ይበሳል፣ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፣ መገጣጠሚያው በኢፖክሲ ይሞላና በፋይበርግላስ ይሸፈናል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 የተነደፈችው «ሚረር» የተሰኘች የሸራ ጀልባ ይህን ዘዴ በብዙ ቤት ያስገባች ናት።

ተንሸራታች ወንበር ከፈለጉ ሁለቱ የመቅዘፊያ መያዣዎች 160 ሴንቲ ሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው፤ ጠባብ ጀልባ ላይ ይህ የሚሆነው ወደ ውጭ በሚወጡ የብረት ክንዶች ነው። ወንበሩ፣ ክንዱና የእግር መርገጫው አንድ ላይ ተገጥመው የሚሸጡ አሉ፤ ተነቅለው ለብቻ ስለሚጓዙ እወዳቸዋለሁ። ፕላኑ የወንበሩን ቦታና የመያዣውን ከፍታ በግልጽ ካላሳየ ይዝለሉት፤ መያዣው ዝቅ ካለ እጅዎ ከጭንዎ ጋር ይጋጫል። ከፊትና ከኋላ የታሸገ የአየር ክፍል የሌለውን ንድፍም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይውሰዱ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ሕይወትዎን የሚያተርፈው የአየር ክፍሉ ነው።

ፕላኑ በእጅዎ ሲገባ ርዝመቱንም ስፋቱንም ለመቀየር አይሞክሩ። ክፍሎቹን በአንድ አሥረኛ መጠን ካርቶን ላይ ቆርጠው በፕላስተር ይግጠሙ፤ የማይገጥም ጠርዝ ወይም የማይገባዎ መስመር ካለ ኮምፔንሳቶ ከመግዛትዎ በፊት ነዳፊውን ይጠይቁ።