በባዕድ ከተማ ጎረቤት ስለ መሆን

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከአያቶቻችን አፍ ሰምተን አድገናል። ጃፓኖችም በቋንቋቸው «በሩቅ ካለ ዘመድ ይልቅ በቅርብ ያለ ባዳ» ይላሉ። ሁለቱ አገሮች እጅግ ተራርቀው ሳሉ ሕዝቦቻቸው በዚህ አሳብ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ሰው ጎረቤት የሚሆነው አጥሩ ስለ ተገናኘ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወደ ባዕድ አገር ሄዶ የሚቀመጥ ሰው እንዴት ጎረቤት ለመሆን እንደሚችል በአንድ ሠፈር ምሳሌነት እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለምሳሌ የመረጥነው ሠፈር ዮጹጊ ይባላል። የቶኪዮ ዋናው ክፍል በ23 ወረዳዎች የተከፈለ ሲሆን፥ ዮጹጊ የሚገኘው በስተ ምሥራቅ ባለው በካጹሺካ ወረዳ፥ በአራካዋ ወንዝ ዳር ነው። ጠባብ መንገዶችና ትንንሽ ቤቶች የሞሉበት የሠራተኛ ሠፈር ነው እንጂ በፖስት ካርድ ላይ የምናየው ባለ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ቶኪዮ አይደለም። «ካፒቴን ጹባሳ» የተባለውን የእግር ኳስ የሥዕል ታሪክ የደረሰው ዮኢቺ ታካሃሺ የዚህ ሠፈር ተወላጅ ስለ ሆነ፥ ለታሪኩ ጀግና በ2013 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞለታል። በቶኪዮ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚገኙት በዚሁ ወረዳ ነው፤ አደይ አበባ የተባለ መረዳጃ ማኅበርም በዚያው አለ።

1ኛ፤ ስምን ስለ ማስመዝገብና ቤትን ስለ ማግኘት። አዲስ ነዋሪ ቤት ይዞ በተቀመጠ በ14 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ካርዱን ይዞ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በመሄድ አድራሻውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ቀድሞ የውጭ አገር ሰዎች መዝገብ ለብቻው ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ከጁላይ ወር ወዲህ ግን ከአገሩ ተወላጆች ጋራ በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። አድራሻውም የራሱ ሥርዓት አለው። በጃፓን ከተሞች አብዛኞቹ መንገዶች ስም የላቸውም፤ ቁጥር የሚሰጠው ለመንገዱ ሳይሆን በመንገዶች ለተከበበው ቦታ ነው። ስለዚህ ቤት የሚፈለገው ከትልቁ ወደ ትንሹ በመውረድ ነው። መጀመሪያ ወረዳው፥ ቀጥሎ ሠፈሩ፥ ከዚያ ቾሜ የሚባለው የሠፈሩ ክፍል፥ ከዚያም በመንገዶች የተከበበው ቦታ፥ በመጨረሻ ቤቱ ይገኛል። ይህ ሥርዓት የተደነገገው በ1962 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ የመሬቱን መዝገብ ይከተል ስለ ነበር፥ ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ቁጥራቸው ሊራራቅ ይችል ነበር።

2ኛ፤ መንገድ ስለ መጠየቅ። መንገድ የጠፋበት ሰው ወደ ኮባን ይሄዳል። ኮባን ማለት በየሠፈሩ የሚገኝ ትንሽ የፖሊስ ቤት ነው። በዚያ ያለው ፖሊስ ጸጥታ ከማስከበር በቀር የአካባቢውን ካርታ ዘርግቶ መንገድ ያሳያል፤ ወድቆ የተገኘውንም ዕቃ ተቀብሎ ለባለቤቱ እንዲደርስ ያደርጋል። ስለዚህ አዲስ ነዋሪ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ቤት ይህ ነው።

3ኛ፤ ስለ ጎረቤት ሥርዓት። የቤት ጥራጊ ሁሉ በአንድነት አይጣልም። የሚቃጠለው፥ የማይቃጠለው፥ እንደ ጠርሙስና እንደ ጋዜጣ ያለውም እንደገና የሚሠራበት ለየብቻው ተለይቶ፥ በተወሰነለት ቀን ጧት በተወሰነው ስፍራ ይቀመጣል። ያለ ቀኑ ያወጡት እንደ ሆነ ቁራዎች ከረጢቱን ቀድደው መንገዱን ያበላሹታል፤ በላዩም መረብ የሚደረግበት ስለዚህ ነው። በሕዝብ መታጠቢያ ቤትም ሰው ሁሉ አስቀድሞ ገላውን በሳሙና ታጥቦ ወደ ሙቁ ገንዳ ይገባል እንጂ በገንዳው ውስጥ አይታጠብም፤ ውሃው የሁሉ ነውና። ከዚህም በላይ ቾናይካይ የሚባል የሠፈር ማኅበር አለ። አባሎቹ በፈቃዳቸው ገብተው ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማስታወቂያ ከቤት ወደ ቤት ያዞራሉ፤ መንገድ ይጠርጋሉ፤ በዓል ያዘጋጃሉ፤ አደጋን ለመከላከልም ይለማመዳሉ። ሥራው ከእድር ቢለይም፥ እድር ካለበት አገር ለሄደ ሰው መንፈሱ እንግዳ አይሆንበትም።

4ኛ፤ ስለ አደጋ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው። በሠፈሩ ዳር የሚያልፈው ወንዝ የሰው እጅ የቈፈረው ነው። በ1910 ዓ.ም. ታላቅ ጎርፍ ቶኪዮን ስለ መታት፥ በ1911 ዓ.ም. 22 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የውሃ መንገድ መቈፈር ተጀምሮ በ1930 ዓ.ም. ተፈጸመ። ነገር ግን ፋብሪካዎች የከርሰ ምድሩን ውሃ አብዝተው ስለ ሳቡት መሬቱ ሰጠመ፤ በዚያ አካባቢ ባሕሩ በሚሞላበት ጊዜ ከውሃው ልክ በታች የሚሆን ብዙ ስፍራ አለ። በ1947 ዓ.ም. በነፈሰው ማዕበል የተነሣው ጎርፍ እስከ ካጹሺካ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በ2018 ዓ.ም. 5 የምሥራቅ ወረዳዎች በአንድነት የጎርፍ ካርታ አወጡ፤ ምክሩም ውሃው ሳይደርስ አስቀድማችሁ ከአካባቢው ውጡ የሚል ነው። ቋንቋውን የማያነብ እንግዳ ይህን ምክር በጊዜው የሚሰማው የሚነግረው ጎረቤት ሲኖረው ነው።

ጎረቤትን አለማወቅ ደግሞ ከጎርፍ የከፋ ነገር ያመጣል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ዓ.ም. ታላቅ የመሬት መናወጥ ቶኪዮን ባፈረሰ ጊዜ፥ «ኮርያውያን እሳት ለኰሱ፤ በጕድጓድ ውሃ መርዝ ጨመሩ» የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛ። በዚያን ዘመን ብዙ ኮርያውያን በዚህ አካባቢ በቀን ሥራ ይኖሩ ነበር፤ ይህንኑ ወንዝ ከቈፈሩትም መካከል ነበሩ። ወሬውን ያመኑ የሠፈር ዘበኞችና ወታደሮች በቀድሞው የዮጹጊ ድልድይ አጠገብ ብዙዎቹን ገደሏቸው። በወንዙ ማዶ በ2009 ዓ.ም. የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ይህን ያስታውሳል። ሰው የማያውቀውን ሰው በክፉ ቀን ለመጠርጠር ፈጣን ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ቢኖር፥ የመኖሪያ ካርድ መያዝ ብቻውን ነዋሪ እንደማያደርገው ይወቅ። ሠፈሩን በእግሩ ይዙር፤ ሥርዓቱን ይጠይቅ፤ ጎረቤቱን በስሙ ሰላም ይበል። እኛም ወደ ከተማችን ለሚመጣው እንግዳ በሩን ቀድመን የምናንኳኳ እንሁን፤ በክፉ ቀን እርስ በርስ የምንተማመነው በደኅናው ቀን የተዋወቅን እንደ ሆነ ነውና።