መምህሩንስ ማን ያሳርፈዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በስደት ባሉ አጥቢያዎቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት የምናገለግል መምህራን ደመወዝተኞች አይደለንም። ከመካከላችን ታክሲ የሚነዳ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን በሥራ የሚያድር፣ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር አለ። ቅዳሜ ማታ ትምህርቱን በአማርኛ እናዘጋጃለን፤ ሕፃናቱ አጥርተው የሚሰሙት ግን የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ ስለሆነ፣ መልሰን በዚያው እናሰናዳዋለን። እሑድ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ ቅዳሴው ከላያችን ይቀደሳል።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት ሲያልፉ የሚመጣውን ድካም ለመናገር እናፍራለን፤ የእምነት ጉድለት ይመስለናልና። አንድ እሑድ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ወደ ክፍል ገብተን ሳለ፣ አንድ ሕፃን ስለ ምን እንደምንጾም ደጋግሞ ቢጠይቀን ጮኽንበት። ጥያቄው መልካም ነበር፤ ትዕግሥት ያሳጣን የእንቅልፍ እጦት ነው። ሕፃኑ ግን ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያነሣ አላየነውም። ነገሩን በቅዱሳት መጻሕፍት ልንመረምረው የወደድነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደተጻፈው፣ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቁን ሥራ ከፈጸመ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ያስወረደ ነቢይ እንዲህ መድከሙ ያስደንቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን እግዚአብሔር ያደረገለት ነው። አልገሠጸውም። መልአኩ ከተኛበት ቀስቅሶ በራስጌው ኅብስትና ውኃ አሳየው፤ በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ፤ በዚያ ምን እንደሚያደርግ የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከጥያቄው ቀደሙ። ብቻውን እንደቀረ ሲያማርርም፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ኤልሳዕም ተተኪና አገልጋይ ሆኖ ተሰጠው።

ስለ ረዳት ነገር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ደግሞ ይበልጥ ተብራርቶ እናገኘዋለን። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ አሠራሩ መልካም እንዳልሆነ ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾምም መከረው። ዮቶር ያዘነው ለሙሴ ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብም እንደሚዝል አስገንዝቦታል። በዚያ ሕፃን ላይ የጮኽንበትን ዕለት ስናስብ ይህ ቃል ይከብደናል።

በአገራችንም የኔታ ጉባኤውን ብቻቸውን አይሸከሙትም፤ የገፉት ደቀ መዛሙርት ጀማሪዎቹን ያስጠናሉ። እኛ ወደ ውጭ አገር ስንመጣ ወንበሩን ይዘን ሥርዓቱን ረሳነው መሰለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መምህራን ይመደቡ፤ የተማረውና የቀረው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ከዚያው ይቀጥላል። ይህ ቀላሉ ነው። የሚብሰው የቅዳሴው ነገር ነው። ቅዳሴውን ሳያስቀድሱ መቁረብ ስለማይገባ፣ አንዳንዶቻችን ስለ ቅዱስ ቁርባን ለልጆች እያስተማርን ራሳችን ከቆረብን ዓመት አልፎናል። ይህን ለንስሐ አባቶቻችን እንንገር፤ ሰበካ ጉባኤውም ቢያንስ በወር አንድ እሑድ እያንዳንዱ መምህር ከክፍል ነጻ ሆኖ እንዲያስቀድስ ያድርግ። ከሌሊት ሥራ የሚመጣ መምህርም በዚያ ጠዋት እንዳያስተምር እንወስን፤ ቢቀር ማንም አይማው። ጌታችንም ከስብከት የተመለሱትን ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ወስዶ ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል። ሕዝቡ ቀድሟቸው ስለደረሰ ዕረፍቱ እንዳሰቡት አልሆነላቸውም፤ የእኛም ሁልጊዜ እንዳሰብነው አይሆንም።

አንድ ነገር ግን መለየት ይገባል። ለሳምንታት እንቅልፍ የማይመልሰው ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ሲበረታ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በተለይ ሞትን የሚመኝ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር አንድ ቀን እንኳ ብቻውን አይተው።

ወላጆች ሆይ፣ በክፍል አጠገባችን ለመቀመጥ የግድ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መዝገብ መያዝ፣ ሕፃናቱን መቍጠር፣ የአማርኛ ፊደል ማስቈጠር የሚችል ሁሉ ይረዳናል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከቅዳሴ በኋላ በምድር ቤቱ ደረጃ አጠገብ እንጠብቃችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።