ቡሬ ላይ ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት። ከፍኖተ ሰላም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሲደርሱ አንዱ መንገድ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። በበቆሎውና በበርበሬው የሚታወቀው ይህ አካባቢ በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቁ አየ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉን የያዘው ግጭት መንገዱንም ሥራውንም ደጋግሞ አስተጓጉሏል። ያም ሆኖ ሥራ ፈላጊው በሩ ላይ መሰለፉን አልተወም።

እርስዎ ምናልባት ፓርኩ ውስጥ ሼድ ይዘዋል፤ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ የዱቄት ፋብሪካ ከፍተዋል፤ ወይም የአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ነዎት። አበዳሪው ወይም የውጭ ገዢው «የብዝኃነትና የአካታችነት ስትራቴጂ አላችሁ?» ብሎ ጠይቋል። ቀላሉ መንገድ የሌላ ድርጅት ሰነድ ወስዶ ስሙን ቀይሮ ማስገባት ነው። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሰነዱም ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በዚህ አገር ሰውን ከሥራ በር የሚመልሱት ነገሮች ግን ጥቃቅን ናቸው፤ የማስታወቂያው አጻጻፍ፣ ተያዥ፣ የፈረቃው ሰዓት፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የፎርማኑ አንደበት። ስትራቴጂ ለመጻፍ ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ዞር ዞር ብለው ይዩ።

ሕጉ አስቀድሞ የወሰነልዎ

ብዙ ቀጣሪ አካታችነት የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ይመስለዋል። አብዛኛው ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት በሠራተኞች መካከል ማበላለጥን ይከለክላል። እርግዝና፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ወይም የዘር ሐረግ ሰውን ለማሰናበት ምክንያት አይሆኑም። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች፤ በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አትባረርም። አባትየው የሚያገኘው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊትም አይመደብም።

እነዚህን በሰነድዎ ውስጥ «ተግባራዊ ለማድረግ እንጥራለን» ብለው አይጻፉ። ሕግ ያዘዘውን እንደ ምኞት መጻፍ ተቆጣጣሪውንም ሠራተኛውንም ያስቃል። ስትራቴጂ የሚባለው ሕጉ ካቆመበት በኋላ እርስዎ ከኪስዎ የሚጨምሩት ነው።

ማስታወቂያው ማንን ይመልሳል?

ባለፈው ዓመት ያወጡትን የቅጥር ማስታወቂያ ያስመጡና ያንብቡት። «ጾታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ ከ30 በታች። የትምህርት ደረጃ፦ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ። በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል።» ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ሞልቷል። እነዚህ አራት መስመሮች ከማንኛውም ስትራቴጂ በላይ ኃይል አላቸው፤ ማን እንደሚገባ የሚወሰነው ፈተናው ሳይጀመር እዚህ ላይ ነው። ጆንያ ለሚጭን ሰው 10ኛ ክፍል ለምን አስፈለገ? ለማሽን ኦፕሬተርነት ወንድነት ምን ይጨምራል? መልስ ካጡ መስመሩን ያውጡት። «ጾታ፦ ወንድ» የሚለውማ ከሕጉም ጋር ይጋጫል፤ አዋጁ ሴትና ወንድ እኩል ውጤት ሲያመጡ ቅድሚያው ለሴቷ እንዲሆን ነው የሚያዘው።

ተያዡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያስቀረውን ሰው ብዛት ቀጣሪው ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። ተያዥ የሚሆነው ቋሚ ደመወዝ ያለው ወይም በስሙ ቤት ያለው ሰው ነው። ከገጠር ቀበሌ ወጥታ ከተማ ውስጥ ቤት የተከራየች ወጣት እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ታመጣለች? ከመተከል ወይም ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው የሚያውቃቸው ሁሉ እንደሱው የተፈናቀሉ ናቸው። ገንዘብ ከፍሎ በደላላ ተያዥ የሚፈልግም አለ፤ ያ ደግሞ ለቀጣሪው ምንም ዋስትና አይሰጠውም። ለገንዘብ ያዥና ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ተያዥ መጠየቅ ይገባኛል። ለማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ አይገባኝም። የሚፈልጉት የሰውየውን ማንነት ማወቅ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ይበቃል።

ማስታወቂያው የሚለጠፍበትም ቦታ ይታሰብበት። ግድግዳ ላይ ብቻ ከተለጠፈ የሚያነበው የከተማው ሰው ነው። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ቢነገር፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ሲወጣ ሕዝቡ ቢሰማ ሌላ ዓይነት ሰው ይመጣል።

«በሰው» መቅጠርም አለ። ሠራተኛው የአጎቱን ልጅ ያመጣል፤ ፈጣን ነው፣ ወጪ የለውም፣ የመጣውም ሰው አመጪውን ስለሚያፍር በደንብ ይሠራል። ክፋት የለውም እስከሚባል ድረስ ይመቻል። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ፈረቃ ሙሉውን የአንድ ጎጥ ሰው ይሆናል፤ የሌላው ጎጥ ልጅ በሩን መሞከር ያቆማል። መሬቱን ለፓርክ የለቀቀ አርሶ አደር «ልጄ ይቀጠርልኝ» ሲል ግን ጥያቄው የተለየ ነው፤ ተገቢም ነው። እሺ ካሉት ስንት ሰው፣ ለስንት ዓመት፣ በምን መስፈርት እንደሆነ ጽፈው ለሁሉም ያሳውቁ። ያለዚያ የቀበሌ ሹም የግል ዝርዝር ይሆናል።

ብሔር አይቁጠሩ

የአሜሪካ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ዘር ቆጥረው ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ከዚያ የተቀዳ ቅጽም ብሔር የሚሞላበት ሣጥን ይዞ ይመጣል። እዚህ አይሙሉት። ቡሬ አማራው፣ ከአዊ የመጣው አገው፣ ከዓባይ ማዶ የመጣው ኦሮሞ የሚተላለፉባት ከተማ ናት፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በብሔሩ ተለይቶ የተገደለና የተፈናቀለ ሰው ጥቂት አይደለም። በፋይል ውስጥ የተቀመጠ የብሔር ዝርዝር በማን እጅ እንደሚገባ ማንም ዋስ ሊሆንልዎ አይችልም። ጾታን ይቁጠሩ፤ ሰው በፈቃዱ የገለጸውን አካል ጉዳት ይቁጠሩ፤ ከየት ቀበሌ እንደሚመላለስ ይቁጠሩ። የቋንቋውን ልዩነት ለማቃለል የደኅንነት ምልክቶችን በሥዕል ያድርጉ፤ ሥዕል አውኚኛ ተናጋሪውንም ፊደል ያልቆጠረውንም ያገለግላል።

ከውጭ በመጣ ሰነድ ውስጥ የማያገኙት

የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭና የቆዳ ፋቂ ቤተሰብ በገጠሩ ጎጃም ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ አልጠፋም። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦም ይህንኑ ንቀት በሌላ መልኩ ያውቁታል። ፋብሪካ ውስጥ ነገሩ አፍ አውጥቶ አይናገርም። አንዱ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ ለብቻው ይበላል፤ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ማሽኑ ሲበላሽ «የእሱ ዓይን ነው» ይባልና ይሳቃል። የሰው ሀብት ክፍሉ ይህን «የጠባይ አለመግባባት» ብሎ መዝግቦ ሰውየውን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረዋል፤ ጥፋተኛው ሳይነካ ተበዳዩ ተነሣ ማለት ነው። በሥነ ምግባር ደንብዎ ውስጥ ይህን በግልጽ ይጻፉት፤ ሰውን በአባቱ ሙያ መስደብና «ቡዳ» ማለት የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን አንድ መስመር ብቻ ቢጨምሩ እንኳ ከብዙ የተዋበ ሰነድ ይበልጣል ባይ ነኝ።

አካል ጉዳትና የእግር ነገር

ጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ድርጅት 5 በመቶ ቦታ ለአካል ጉዳተኞች እንዲሰጥ ታስገድዳለች። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ኮታ የለውም። ግን እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲያገኝና አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል፤ አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ሲከስም የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። የሕንፃ ሕጉ ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መግቢያ እንዲኖረው ይጠይቃል። በሩ ላይ መወጣጫ ሠርተው ጨረስኩ አይበሉ፤ በሐምሌ ከዋናው በር እስከ ሼዱ ያለውን ቀይ ጭቃ ይመልከቱ። በሕግ ሙያዋና ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘችው ዓይነ ስውሯ የትነበርሽ ንጉሤ ተባባሪ መሥራች የሆነችበት የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከል በዚህ ላይ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው።

ለዚህ አካባቢ የተለየው ጉዳይ ዝሆኔ ነው። በደንበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ይህ የእግር እብጠት እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመኖር የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ግን ይሸሻቸዋል፤ ቀጣሪም ቃለ መጠይቅ ላይ እግራቸውን አይቶ ይመልሳቸዋል። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ በልክ የተሠራ ሰፊ ጫማ፣ እግር መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ አልፎ አልፎ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ቦታ። ለደኅንነት ጫማ ጨረታ ሲያወጡ በተለመዱት ቁጥሮች ብቻ ካዘዙ እነዚህን ሰዎች ሳያስቡት አስቀሯቸው ማለት ነው።

ፈረቃ

ሴት ሠራተኛ እንድትበዛ የሚመኝ ድርጅት መጀመሪያ የፈረቃ መለዋወጫ ሰዓቱን ይይ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሚለቅ ፈረቃ ሰርቪስ ከሌለው ሴቶችን በር ላይ እንደመጣል ነው፤ ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ወንዶቹም ቢሆኑ በዚያ ሰዓት አይንቀሳቀሱም። ለውጡ በጨለማ መሐል እንዳይውል አድርገው ያውጡት። ነፍሰ ጡሮች ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይመደቡ ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ከ90 ቀን በኋላ የምትመለስ እናት የሦስት ወር ሕፃን ትታ እንደመጣች አይርሱ፤ አንድ ክፍልና አንዲት ሞግዚት ለድርጅት ትልቅ ወጪ አይደሉም።

ምሳው ቀላል ነው። በየቀኑ የፆም ወጥ ይኑር፤ ሁሉም ይበላዋል። ሥጋ ካቀረቡ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ ይለይ። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጁምዓ ከ5፡30 እስከ 7፡30 እንደሚያርፉት እርስዎም ያመቻቹ። በወሩ በ12፣ በ21፣ በ27 ማረስ ያልለመደውን የገጠር ልጅ ደግሞ ፋብሪካው በእነዚያ ቀኖች እንደሚሠራ ሲቀጥሩት ይንገሩት፤ ከተቀጠረ በኋላ አይደለም።

ፎርማኑ

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ያደረጉት ጥናት የኢንዱስትሪ ሥራ ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ እንደለቀቁ አሳይቷል። አዲስ ሰው በየወሩ ማሠልጠን ስንት እንደሚያስወጣዎ ያስሉ። ሰውን የሚያቆየው ወይም የሚያባርረው ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ፎርማኑ ነው፤ ትርፍ ሰዓት የሚያድለው፣ ፈቃድ የሚፈርመው፣ ሴቶቹን በምን ቃል እንደሚጠራ የሚወስነው እሱ ነው። ፎርማኖቹ ሁሉም ወንድ ከሆኑ ሥልጠናው ከእነሱ ይጀመር፤ ቀጣዩ የፎርማን ዕድገት ደግሞ ለሴት ይሁን። ቅሬታ የሚቀበለው ሰው የፎርማኑ ዘመድ አይሁን። ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶባት ሥራዋን በዚያው ምክንያት የለቀቀች ሠራተኛ ከሥራ ስንብት ክፍያዋ በላይ የ90 ቀን ደመወዝ ካሣ እንደሚገባት አዋጁ ደንግጓል፤ ይህን ለሠራተኞቹ በግልጽ ያንብቡላቸው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቃልዎን በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ያስገቡት፤ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር የማይሻረው እዚያ የገባው ነው።

ለዚህ ሁሉ በጀት ካልያዙ ስትራቴጂውን አይጻፉት። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ሰርቪሱንና ጫማውን ያስቀድሙ፤ ዐውደ ጥናቱ ይቆይ።